ቬኒስ ላይ ርካሽ አልጋ፦ ደሴቱ ውስጥ ይሻላል ወይስ ሜስትሬ?

ተጓዥ_ከሽቱትጋርት

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ከአዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሚላን ትገባለች። እኔ ከጀርመን ሄጄ እቀበላትና አብረን በባቡር ወደ ቬኒስ እናመራለን። ቀኑ ከኅዳር 10 እስከ 13 ነው፤ በነሱ ከኖቬምበር 19 እስከ 22፣ ሦስት ሌሊት። ለሁለታችን በሌሊት እስከ 95 ዩሮ ድረስ መክፈል እንችላለን። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ሜዳ ላይ ቀስ እያለች ትሄዳለች፣ ደረጃ ግን ይፈትናታል።

እስካሁን ሦስት ቦታ አግኝቻለሁ፣ ሦስቱንም በነጻ መሰረዝ ይቻላል፦

ሀ) ካናሬጆ ሰፈር ውስጥ፣ ከሊስታ ዲ ስፓኛ መንገድ ገባ ብሎ፣ ባለ አንድ ኮከብ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የለውም፣ 92 ዩሮ።
ለ) ካስቴሎ ሰፈር ውስጥ፣ አርሴናሌ የጀልባ ማቆሚያ አካባቢ፣ ምድር ላይ ያለ ክፍል፣ 82 ዩሮ።
ሐ) ሜስትሬ፣ ከደሴቱ ውጭ የብስ ላይ፣ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት፣ አሳንሰር አለው፣ 64 ዩሮ።

የትኛውን ልያዝ? ደግሞስ ከመያዜ በፊት ምን መጠየቅ አለብኝ?

ቦሎኛ_ነዋሪ

እህቴ፣ ቬኒስ ውስጥ የአልጋ ዋጋ ለብቻው ምንም አይነግርሽም። ከተማው ውስጥ መኪና አይገባም። ከባቡር ጣቢያ ወይም ከጀልባ ማቆሚያ እስከ ሆቴሉ በር ያለውን መንገድ ሻንጣ እየጎተታችሁ በእግር ነው የምትጨርሱት። ከተማዋ ደግሞ ከ400 በላይ ድልድይ አላት፤ አብዛኛው ደረጃ ወጥቶ ደረጃ መውረድ ነው። አንድ ድልድይ ለጤነኛ ሰው ምንም ላይሆን ይችላል። ሃያ ኪሎ ሻንጣ ይዞ አራት ድልድይ መሻገር ግን፣ ያውም ጉልበት እያመመ፣ የመጀመሪያውን ቀን ያበላሻል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሆቴል አጭር መልእክት ላኪ። በሩ የሚገኝበትን መንገድ ስም፣ ቅርብ የሆነውን የቫፖሬቶ፣ ማለትም የሕዝብ ጀልባ፣ ማቆሚያ፣ ከማቆሚያው እስከ በሩ ስንት ድልድይ እንዳለ፣ ከመንገዱ እስከ ክፍሉ ደግሞ ስንት ደረጃ እንዳለ በቁጥር ይንገሩሽ። «ቅርብ ነው» የሚል መልስ አትቀበዪ። እዚያ ሀገር ሁሉም ነገር ቅርብ ነው፣ መሃል ላይ ያለው ድልድይ ነው የሚያስቸግረው።

የ«ሀ» ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ደሴቱ ላይ ካለው ከሳንታ ሉቺያ ባቡር ጣቢያ ወጥታችሁ ወደ ግራ ስትታጠፉ ሊስታ ዲ ስፓኛ ይጀምራል፤ ሰፊና ሜዳ መንገድ ነው። ፖንቴ ዴሌ ጉሊዬ የሚባለው ድልድይ ጋ እስክትደርሱ ድረስ አንድም ድልድይ የለም። ሆቴሉ ከዚያ ድልድይ በፊት ከሆነ ሻንጣውን ከባቡሩ እስከ በሩ በጎማው ትጎትቺዋለሽ። በዚህ ዋጋ እንዲህ ያለ ቦታ ብዙ አይገኝም። የቀረው ጥያቄ የፎቁ ደረጃ ነው።

እዚያ ላይም አንድ ወጥመድ አለ። በድሮዎቹ ቤቶች በምድሩና በአንደኛው ፎቅ መካከል ጣሪያው ዝቅ ያለ ግማሽ ፎቅ ይኖራል፤ አሜዛቶ ይሉታል፣ ሲቆጥሩም ይዘሉታል። «ሁለተኛ ፎቅ» ብለውሽ ሦስት ፎቅ የሚያህል ልትወጪ ትችያለሽ። በቁጥር ጠይቂ ያልኩሽ ለዚህ ነው። አሳንሰር ለምን የለም ብለሽም አትናደጂባቸው፤ ሕንፃዎቹ በቅርስነት የተጠበቁ ስለሆኑ ግድግዳ አፍርሶ ማስገባት ቀላል አይደለም። ብዙዎቹ ርካሽ ሆቴሎች ከሕንፃው አንድ ፎቅ ብቻ ነው የያዙት፣ ሪሴፕሽኑ ራሱ ላይ ነው። መንገድ ላይ የምታገኙት የበር ደወልና ትንሽ የስም ሰሌዳ ነው።

ፓዶቫ_በኩል

ሜስትሬን እንዲህ በቀላሉ አንጣላት። 64 ዩሮና አሳንሰር፣ ለታመመ ጉልበት ቀላል ነገር አይደለም። ከሜስትሬ እስከ ሳንታ ሉቺያ ባቡሩ 10 ደቂቃ ገደማ ነው የሚወስደው፣ ከጠዋት እስከ ማታ በየጥቂት ደቂቃው ይመጣል። ቲኬቱ ለአንድ ሰው አንድ ዩሮ ተኩል ገደማ ነው። ሁለታችሁ ደርሶ መልስ 6 ዩሮ፣ ለሦስት ቀን 18 ዩሮ ብትይ፣ ከ«ሀ» ጋር ያለው ልዩነት 84 ዩሮ ስለሆነ አሁንም ከ60 ዩሮ በላይ ይተርፍሻል። የወረቀት ቲኬት ከገዛሽ ባቡር ላይ ከመውጣትሽ በፊት መድረኩ ላይ ባለው ማሽን ማኅተም አስመቺው፣ አለዚያ ቅጣት አለ።

ጉዳቱ ቀን ላይ ማረፍ አለመቻሉ ነው። እናትሽ ሰባት ሰዓት ላይ ጋደም ልበል ቢሉ ከሳን ማርኮ አደባባይ ተነስቶ ጣቢያ፣ ከጣቢያ ሜስትሬ፣ ከዚያ ተመልሶ መምጣት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ለወጣት ሜስትሬን ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ለእናትሽ ግን የ«ሀ» ደረጃ ከ30 በታች ከሆነ «ሀ»ን እመርጣለሁ።

«ለ»ን በተመለከተ፣ ምድር ላይ ያለ ክፍል በኅዳር ወር ሁለት ችግር አለው። አንደኛው ርጥበት ነው። ግድግዳው ውሃ ይስባል፤ ሽታውና ከወለሉ ከፍ ብሎ የሚታየው ነጭ የጨው ምልክት ያስታውቃል። የክፍሉን ፎቶ ስታዪ የግድግዳውን የታችኛውን ክፍል አጉልተሽ ተመልከቺ፣ ቀለሙ ከተላጠ ይቅርብሽ። ሁለተኛው አኳ አልታ፣ ማለትም የባሕሩ ውሃ ከፍ ብሎ መንገድ ላይ መውጣቱ ነው፤ ወቅቱም መኸርና ክረምት ነው። በነሱ ከኦክቶበር 2020 ጀምሮ ሞዜ የሚባሉት የብረት መዝጊያዎች ከባሕሩ መግቢያ ላይ እየተነሱ ከተማዋን ይጠብቃሉ። እንደ ኖቬምበር 2019ኙ 187 ሴንቲ ሜትር የደረሰ ጎርፍ ከዚያ ወዲህ አልገባም። ይሁን እንጂ የሚነሱት ትንበያው ወደ 110 ሴንቲ ሜትር ሲጠጋ ነው። ሳን ማርኮ አደባባይ ከዚያ በጣም ባነሰ ከፍታ ይረጥባል፣ ስለዚህ ውሃ የማያስገባ ጫማ ያዙ።

ተጓዥ_ከሽቱትጋርት

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፣ ይህን ሁሉ የሚነግረኝ አላገኘሁም ነበር። መልእክት ልኬ ሁለቱ መለሱ። «ሀ» ከጉሊዬ ድልድይ በፊት ነው፣ ድልድይ የለም፣ እስከ ክፍሉ 44 ደረጃ ነው። ነገር ግን አንደኛ ፎቅ ላይ፣ 21 ደረጃ ብቻ ያለው፣ ሌላ ክፍል አለን፣ 84 ዩሮ ነው፣ መታጠቢያው «ባኞ ፕሪቫቶ ኤስቴርኖ» ነው፣ አልጋው ደግሞ «ማትሪሞኒያሌ» ነው አሉኝ። «ለ» ከማቆሚያው ሁለት ድልድይ አለ ብለዋል። ባኞ ኤስቴርኖ ማለት የጋራ ነው ማለት ነው?

ቦሎኛ_ነዋሪ

የጋራ አይደለም። ባኞ ፕሪቫቶ ኤስቴርኖ ማለት መታጠቢያውና ሽንት ቤቱ የእናንተ ብቻ ነው፣ ቁልፉም በእጃችሁ ነው፣ ግን ከክፍሉ ውጭ ኮሪደር ላይ ነው። የጋራው «ባኞ ኢን ኮሙኔ» ይባላል። ሁለት ነገር ብቻ ጠይቂ፦ ከክፍሉ በር ስንት እርምጃ ነው፣ በመካከሉስ ደረጃ አለ ወይ? በድሮ ቤት ኮሪደሩ ራሱ አንድ ሁለት ደረጃ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ሌሊት መብራት ፍለጋ ላይ እናትሽ እንዳይሰናከሉ። መታጠቢያው ደፍ ያለው የሻወር ሳህን ነው ወይስ ገንዳ የሚለውንም ጨምሪበት። ገንዳ ከሆነ እግር አንስቶ መግባት ስላለ ለታመመ ጉልበት አስቸጋሪ ነው።

ማትሪሞኒያሌ አንድ ሰፊ አልጋ ነው። ሁለት የተለያየ አልጋ ከፈለጋችሁ «ዱዌ ሌቲ ሲንጎሊ» ብለሽ ጻፊላቸው። ብዙ ጊዜ ማትሪሞኒያሌው ሁለት ነጠላ አልጋ ተገጣጥሞ የተሠራ ስለሆነ ይለያዩታል፣ ቀድሞ መነገር ግን አለበት። «ፍራንቼዜ» የሚል ካየሽ እለፊው፤ ስፋቱ 140 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ለሁለት ይጠባል።

21 ደረጃ በቀን ሁለቴ መውጣት ከ44 ጋር አይወዳደርም። እኔ ብሆን ይህን ክፍል ዛሬውኑ እይዘው ነበር።

ማሞቂያን በተመለከተ፣ ቬኒስ በጣሊያን ሕግ ማሞቂያ ከኦክቶበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 የሚሠራበት ቀጠና ውስጥ ናት፣ በቀን ቢበዛ 14 ሰዓት። በኅዳር ይሠራል ማለት ነው፣ ሌሊት ግን ሊጠፋ ይችላል። ተጨማሪ ብርድ ልብስ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ከሌለ ሪሴፕሽኑ ሳይዘጋ ጠይቁ። ትንንሾቹ ሆቴሎች ማታ ሪሴፕሽን ላይ ሰው አይኖራቸውም፤ የሚዘጉበትን ሰዓት አረጋግጪ፣ ባቡራችሁ ከዘገየ የበሩን ኮድ በስልክ እንዲልኩልሽ ከአሁኑ ተስማሚ።

መስኮቱ ወደ ቦይ ነው ወይስ ወደ መንገድ ለሚለው፣ ወደ ውስጥ ግቢ የሚያየው ጸጥተኛው ነው። ወደ ቦይ የሚያየው ያምራል፣ ግን ገና ሳይነጋ የዕቃና የቆሻሻ ጀልባዎች ሞተር ይጀምራል። ወደ ሊስታ ዲ ስፓኛ ፊት ለፊት የሚያየው ደግሞ ከሌሊት እስከ ንጋት የሻንጣ ጎማ ድምፅ አለው።

ፓዶቫ_በኩል

ሂሳቡን ልጨምርልሽ። የመኝታው ዋጋ ላይ የከተማው የማረፊያ ግብር ይጨመራል። በሰው፣ በሌሊት፣ እንደ ኮከቡ ብዛት የሚከፈል ሲሆን ለአንድ ኮከብ ዝቅተኛው ነው። ብዙዎቹ ስትደርሱ በጥሬ ገንዘብ ይቀበላሉ፣ ደረሰኝ ጠይቂ። ለቀን ጎብኚ የተጣለው የመግቢያ ክፍያ ከኤፕሪል እስከ ጁላይ ባሉ የተመረጡ ቀኖች ብቻ ስለሆነ በኅዳር አይመለከታችሁም።

ቫፖሬቶ ውድ ነው። ነጠላው 9 ዩሮ ከ50 ሆኖ ለ75 ደቂቃ ያገለግላል። የ24 ሰዓቱ 25፣ የ48ቱ 35፣ የ72ቱ 45 ዩሮ ነው። እንግዲህ አስቢው፤ በሦስት ቀን ውስጥ አንድ ሰው አራት ጊዜ ብቻ ከተሳፈረ ነጠላ እየገዛ 38 ዩሮ ያወጣል። አምስት ከሆነ 47 ከ50፣ ያኔ የ72 ሰዓቱ ይሻላል። ለአንቺ ምናልባት ነጠላ ይበቃል፤ ለእናትሽ ግን የ72 ሰዓቱን ያለ ጥርጥር ግዢላቸው፣ ምክንያቱም አንድ ድልድይ በሸሹ ቁጥር አንድ ማቆሚያ በጀልባ መሄድ ይችላሉ። ሰዓቱ የሚቆጠረው ከተገዛበት ሳይሆን ቲኬቱ የማቆሚያውን ማንበቢያ ማሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ከነካበት ጀምሮ ነው። በተሳፈሩ ቁጥር ማስነካት ግዴታ ነው፣ የብዙ ቀን ቲኬት ቢሆንም።

መስመር 1 የከተማዋን ዋና የውሃ መንገድ፣ ታላቁን ቦይ፣ በሙሉ እያቆመ ይወርዳል። መስመር 2 ፈጣኑ ነው። ታላቁን ቦይ የሚሻገሩት ድልድዮች አራት ብቻ ናቸው፣ አራቱም ብዙ ደረጃ አላቸው። ከሳንታ ሶፊያ ወደ ሪያልቶ ገበያ የሚያሻግር ትራጌቶ የሚባል የሕዝብ ጎንዶላ አለ፣ ለእንግዳ 2 ዩሮ ነው፤ ነገር ግን ከመድረኩ ወደሚወዛወዝ ጀልባ መውረድ ስላለበት ለእናትሽ አልመክርም። ጠዋት ጭጋግ ከሆነ አንዳንድ መስመሮች ይቋረጣሉ ወይም መንገድ ይቀይራሉ፤ በኅዳር የተለመደ ነው፣ ማቆሚያው ላይ ያለውን ሰሌዳ አንብቡ።

የከተማው ማዘጋጃ ቤት ለአካል ጉዳተኞች ብሎ ያወጣው «ቬኔሲያ አቼሲቢሌ» የሚባል ካርታ አለ። ከየትኛው ማቆሚያ ያለ ድልድይ የት ድረስ መሄድ እንደሚቻል ያሳያል። ለጉልበት ሕመምም ከእሱ የተሻለ መመሪያ የለም።

የእናት_ጓዳ

ስለ ምግብ ማንም ስላላነሳ ልግባ። አርብ ቀን እዚያ ናችሁ፣ እናትሽ የሚጾሙ ከሆነ የሆቴሉ ቁርስ አይሆናቸውም። ኮርኔቶ የሚሉት የቁርስ ጣፋጭ ዳቦ ቅቤና እንቁላል አለው፣ ከዚያ ውጭ ያለው አይብና ካም ነው። ቁርስ የሌለበትን ዋጋ ያዢና በቀረው ሱፐርማርኬት ግቡ። ዳቦ ስትገዙ የተጻፈውን አንብቡ፤ «ስትሩቶ» ካለ የአሳማ ስብ ነው፣ በዳቦና በጨው ብስኩት ውስጥ ብዙ ጊዜ ይገባል።

ምሳ ላይ ፒሳ ማሪናራ እዘዙ። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው፣ አይብ የለውም፣ ብዙ ጊዜም ከዝርዝሩ ሁሉ ርካሹ ነው። ፓስታ በቲማቲም ስታዙ «ሴንሳ ፎርማጆ» በሉ፣ አለዚያ አይብ ነስንሰው ያመጡታል። ፓስታ ኤ ፋጆሊ የሚባለው የቦሎቄ ሾርባ የጾም ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ፓንቼታ፣ የአሳማ ሥጋ፣ ተጠብሶ ይገባበታል፣ ሳትጠይቁ አትብሉ። ዓሣ የሚቀበሉ ከሆነ ሳርዴ ኢን ሳኦር የቬኒስ የራሷ ምግብ ነው፤ የተጠበሰ ሰርዲን በብዙ ሽንኩርትና ኮምጣጤ ተነክሮ ያድራል።

ቡና ቆማችሁ ባንኮኒው ላይ ጠጡ፣ ከተቀመጣችሁ ዋጋው ይጨምራል። ውሃ አትግዙ። በየአደባባዩ ያሉት ቧንቧዎች የሚጠጣ ንጹሕ ውሃ ነው የሚያፈሱት።

ሌላው፣ ኅዳር 12 ቀን እዚያ መሆናችሁን አስተውላችኋል? በነሱ ኖቬምበር 21 የማዶና ዴላ ሳሉቴ በዓል ነው። በ1630 እና 31 ከተማዋን የፈጀው ወረርሽኝ ሲቆም ለምስጋና በተሠራው ቤተ ክርስቲያን ሕዝቡ ሻማ ያበራል፤ ለበዓሉ ብለው በታላቁ ቦይ ላይ ጊዜያዊ ድልድይ ይዘረጋሉ። እኛ ጋ ያን ዕለት ኅዳር ሚካኤል ነው፣ የ1911ን የኅዳር በሽታ እያሰብን ኅዳር የምናጥንበት ቀን። እናትሽ ይህን ቢያውቁ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነው። ወደዚያ በመስመር 1 ሂዱና «ሳሉቴ» ማቆሚያ ውረዱ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ማቆሚያው ፊት ለፊት ነው፣ በሩ ጋ ግን ደረጃ አለ። ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ ስለሚበዛ ጠዋት ይሻላል።

ተጓዥ_ከሽቱትጋርት

ኅዳር ሚካኤልን ያነሳሽልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እናቴ ስትሰማ እልል ነው ያለችው። የ21 ደረጃውን ክፍል ይዣለሁ፤ ሁለት ነጠላ አልጋ እናደርጋለን፣ መታጠቢያው አራት እርምጃ ነው፣ መሃል ላይ ደረጃ የለም ብለዋል። የሰጡኝ አድራሻ ግን «ካናሬጆ» ብሎ ከኋላው ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ካርታው ላይ ሁለት የተለያየ ቦታ ያሳየኛል።

ቦሎኛ_ነዋሪ

ቬኒስ ውስጥ የቤት ቁጥር የሚሄደው በመንገድ ሳይሆን በሰፈር ነው። ካናሬጆ ከስድስቱ ሰፈሮች አንዱ ነው፣ ቁጥሩ ከአንድ ጀምሮ በሰፈሩ ውስጥ እየተጠማዘዘ ሺዎችን ያልፋል። ጎረቤት የሆኑ ሁለት መንገዶች ላይ በጣም የተራራቁ ቁጥሮች ልታገኚ ትችያለሽ። ስለዚህ የጎን መንገዱን ስም ጠይቂያቸው፤ «ካሌ» ብሎ የሚጀምር ይሆናል። ያንን ከቁጥሩ ጋር ወረቀት ላይ ጻፊው። በጠባብ መንገድ መካከል የስልኩ ጂፒኤስ ይሳሳታል፣ ግድግዳው ላይ በነጭ መደብ የተጻፈውን የመንገድ ስም እመኑ።

ባቡሩ ላይ አንድ ጥንቃቄ ብቻ። ከሚላኖ ቼንትራሌ ያለው ፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል፣ መጀመሪያ «ቬኔሲያ ሜስትሬ» ይቆማል። ቬኔሲያ የሚለውን ሰምቶ እዚያ የሚወርድ ብዙ ነው። እናንተ ባሕሩን በድልድይ ተሻግራችሁ መጨረሻው ላይ «ቬኔሲያ ሳንታ ሉቺያ» ነው የምትወርዱት። ቲኬት ስትገዢም መድረሻው ሳንታ ሉቺያ መሆኑን እይ፣ ሜስትሬ ላይ የሚያበቁ ባቡሮች አሉ። የሁለታችሁንም ፓስፖርት ሪሴፕሽን ላይ ይጠይቋችኋል። መዝግበው ለፖሊስ ማሳወቅ ግዴታቸው ነው፣ ከመዘገቡ በኋላ ግን ወዲያው ይመልሱላችሁ።

ፓዶቫ_በኩል

የመጨረሻው ቀን ላይ ክፍሉን ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ ያስለቅቋችኋል፣ ሻንጣውን ግን እስክትሄዱ ያስቀምጡላችኋል። ሻንጣውን ምድር ላይ እንዲያስቀምጡልሽ ወይም አንቺ ብቻ ወጥተሽ እንድታወርጂው አድርጊ፤ እናትሽ 21ዱን ደረጃ ለሻንጣ ብለው እንደገና መውጣት የለባቸውም። የ72 ሰዓቱን ቲኬት የመጀመሪያ ቀን ከሰዓት በኋላ ካስነካችሁ እሑድም እስከዚያው ሰዓት ድረስ ይሠራል። ባቡራችሁ ማታ ከሆነ ጠዋቱን በመስመር 1 እስከ ሊዶ ደርሳችሁ ተመለሱ። ሊዶ መኪናና አውቶቡስ ያለው ሜዳ ደሴት ነው፤ ከማቆሚያው እስከ ባሕሩ ዳርቻ የሚወስደው ሰፊው መንገድ ደረጃ የለውም።